እኔና አማቴ የሰፋነው ክዳን

አማቴ ወደ ቤቴ የመጡት ለልጃቸው አርባ ነበር። ልጃቸው ማለት ሚስቴ ናት። ሐምሌ ውስጥ ፍኖተ ሰላም ላይ ቀበርናት፤ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ተዝካሯን አወጣን። ዘመድ አዝማድ መጣ፣ በላ፣ ጠጣ፣ አለቀሰ፣ ተበተነ። አማቴም ቡሬ አጠገብ ወዳለው ገጠራቸው ሊመለሱ ጓዛቸውን ቋጥረው ሳለ መንገዱ ተዘጋ። በዚህ ዘመን በእኛ አገር መንገድ ለምን ተዘጋ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰው የሚጠይቀው መቼ ይከፈታል ብሎ ነው፤ እሱንም የሚመልስለት የለም።

ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ቀረን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ሲቀናኝም እስከ ዱርቤቴና መራዊ ሚኒባስ የምነዳ፣ አሁን ግን መኪናው ግቢ ውስጥ የቆመበት ሹፌር። ሁለተኛዋ እሳቸው ናቸው፤ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው፣ ጥቁር የለበሱ፣ ለአንድ ልጃቸው ፀጉራቸውን የተላጩ አሮጊት። እኔና ሚስቴ ልጅ አልወለድንም። እንኳን የሚያጫውተን ሕፃን፣ በመካከላችን ወሬ የሚያመላልስ ሰው አልነበረም።

ወሬ የሚያመላልስ ያልኩት በዋዛ አይደለም። በእኛ ዘንድ አማትና አማች ይተፋፈራሉ። ሚስቴ በሕይወት ሳለች እንኳ እናቷን ልጠይቅ ስሄድ የሚያስተናግዱኝ ጓዳ ሆነው ነበር። ፊታቸውን በነጠላ ሳይጋርዱ አይቻቸው አላውቅም፤ ሲበሉ ማየትማ ነውር ነው። ለእኔ የሚሉት ነገር ካለ ለልጃቸው ይነግሯታል፣ እሷ ለእኔ ትነግረኛለች፤ የእኔም መልስ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ብዙ ዓመት እንዲህ ኖርን፤ ተመችቶንም ነበር። አሁን መካከሉ ባዶ ሆነና እሳቸው ከመጋረጃው ወዲያ ጓዳ፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሳሎን ተቀምጠን አንዳችን የአንዳችንን ሳል እናዳምጣለን።

ትልቁ ችግር ምግቡ ነበር። እሳቸው ሰው ቤት ውስጥ ምጣድና ድስት የት እንዳለ አያዩም። ስለዚህ የማበስለው እኔ ነኝ። ሹፌር ሽሮ መሥራት አያቅተውም፤ ነውሩ ሽሮው ላይ ሳይሆን እጁ ላይ ነበር። አማች ማድቤት ገብቶ አማስሎ፣ አማት ያንን ልትበላ! ለሳቸው ከዚህ የባሰ ውርደት አልነበረም። ሳህኑን ከመጋረጃው ሥር አስቀምጬ ወደ ግቢ እወጣለሁ፤ ስመለስ ሽሮው ቆዳ አውጥቶ እዚያው አገኘዋለሁ። አንድ ሁለት ጉርሻ ከጎደለው ያ ቀን ጥሩ ቀን ነው። ጠዋት ጠዋት ሲጸልዩ እሰማቸዋለሁ። ልመናቸው አንድ ነበር፤ ከልጄ ጎን አድርሰኝ የሚል። እግዜር ቶሎ ካልሰማቸው እሳቸው ራሳቸው በረሃብ ሊደርሱ እንደቆረጡ ገባኝ።

የአጥር ጎረቤታችን ገበያ ውስጥ ቅመም የምትሸጥ ሙስሊም ሴት ናት። ሥጋ አንካፈልም እንጂ ሽሮና እንጀራው፣ ጨውና እርሾው ከአጥሩ በላይ ሲመላለስ ነው የኖረው። እሷ ይዛ ስትመጣ አማቴ ላለማሳፈር ይቀምሱላታል፤ ስትወጣ ይተዉታል። አንድ ቀን ሳህኑን ይዛ ወጥታ በሩ ላይ አቆመችኝ።

«እኒህ እናት ሊሞቱብህ ነው፤ አውቀኸዋል?»

«አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«መንገዱን» አልኳት።

ራሷን ነቅንቃ ሄደች። መልሴ የሞኝ መልስ መሆኑን እኔም አላጣሁትም። መንገዱ ቢከፈትስ? ሰው የሌለበት ቤት ወስጄ ላስቀምጣቸው ነው? እዚያ ሲሞቱ ዓይኔ አያይም እንጂ ሞቱ ያው ነው።

እኔ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማይችል ሰው ነኝ። ቁጡም ነኝ፤ ሚስቴ ጥሩንባ ትለኝ ነበር። ለቅሶ ሊደርሱ የሚመጡት ሰዎች «የሞተ ተጎዳ» እያሉ ሲያጽናኑኝ፣ የተጎዳው ማን እንደሆነ ተነሥቼ ላሳያቸው ይቃጣኝ ነበር። መኪናዋን ማጠብ ጀመርኩ። ያልቆሸሸችውን መኪና በየቀኑ አጥባለሁ። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አይታኝ ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አለችኝና፣ አፍሬ እሱንም ተውኩት። ወዲያው ከቤታችን ዶሮዎች አንዷ የኋላውን ወንበር ወርሳ እንቁላሏን እዚያ መጣል ጀመረች።

ወስፌ የፈለግሁት ለቀበቶዬ ነው። ከስቼ ኖሮ ሱሪዬ አልይዝ አለኝ፤ ቀበቶው ላይ አንድ ቀዳዳ መጨመር ነበረብኝ። ሚስቴ ስፌት ትሰፋ ስለነበር ወስፌ እንደማይጠፋ ገምቼ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ጥቅሏን አወረድኩት። ጨርቁን ስፈታው ስንደዶው በነዶ በነዶ ታስሮ፣ በመካከሉ የመሶብ ክዳን ተቀምጧል። አላለቀም። ወስፌው ከመጨረሻው ዙር ላይ እንደተሰካ ነው፤ ውሃ ልትጠጣ ተነሥታ የምትመለስ ይመስል ነበር። ወስፌውን ነቀልኩት። ቀበቶዬ ግን ጭኔ ላይ ተቀመጠና ረሳሁት።

ለምን አንድ ሣር መዝዤ እንደሞከርኩ ዛሬም በደንብ አላውቅም። ምናልባት ወስፌው ተነቅሎ ባዶ የቀረችው ቀዳዳ አላስችል ብላኝ ይሆናል። እኔ በማውቀው አገር ወንድ ስፌት ሲሰፋ ማየት በሬ ሲታለብ እንደማየት ነው። ቢያዩኝ የመናኸሪያው ሰው ሁሉ እስክሞት ድረስ ስም ያወጣልኛል። ስለዚህ ተነሥቼ የግቢውን በር ቀረቀርኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ወጋሁ፣ አስገባሁ፣ ሳብኩ። ጣቴንም ወጋሁት። ሣሩ ሲቋረጥ ረገምኩ፣ ሌላ መዘዝኩ። አንድ ጊዜ ቀና ስል ፀሐይዋ ከበሩ ወጥታ ሄዳለች፤ እኔ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም ላለ ጊዜ ምንም ሳላስብ ቆይቻለሁ።

ደስ አለኝ። ዛሬ እንዲህ በቀላሉ እጽፈዋለሁ እንጂ ያን ዕለት ደስታው የሰረቅሁት ያህል ነበር የከበደኝ። ፂሙን ለሐዘን ያሳደገ ሰው በሟች ሚስቱ ዕቃ እየተጫወተ ደስ ሲለው ምን ይባላል? ክዳኑን ጠቅልዬ መለስኩት። በማግሥቱ ጠዋት ግን ቁርስ ሳልበላ አወረድኩት።

እንዲህ በሩን ቀርቅሬ ስሰፋ ሰነበትኩ። ሣሩ ካለፈው ዓመት የተቀመጠ ነውና ደርቆ ኖሮ በሳብኩት ቁጥር ቀጭ እያለ ይሰበራል። ሚስቴ መጥፎ ሣር ገዝታ ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ያቺ ዶሮ ከመኪናው ወርዳ ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ ሰማሁ። ከጸሎት ውጭ ድምፃቸውን ከሰማሁ ቆይቶ ነበር።

«አንቺ ዶሮ፣ ማነው ሣሩን ውሃ ሳያስነካ የሚሰፋው? ይሰበራል እኮ።»

ወስፌውን እንደያዝኩ ደረቅሁ። ተይዣለሁ። ሊሳቅብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ የሳቀ የለም። መልስ ካልሰጠሁ ነውር ነው፤ ለእሳቸው በቀጥታ መመለስም ነውር ነው። ጉሮሮዬን ጠረግሁና እኔም ለዶሮዋ ነገርኳት።

«አንቺ ዶሮ፣ ምን ያህል ይነከር ይላል በይልኝ።»

«ሣር ነው እንጂ ተልባ አይደለም በይው። ጠጣ አድርጎ ማውጣት ነው። ከቆየማ አለላው ቀለሙን ይተፋል።»

ትምህርቴ በዚህ ተጀመረ። ውስጡ የሚታሰረው ሣር አክርማ፣ ላዩ የሚጠቀለልበት ስንደዶ፣ ቀለም የተነከረው ስንደዶ ደግሞ አለላ እንደሚባል በዶሮዋ በኩል ተማርኩ። ሣሩን በጥርስ መሰንጠቅ፣ የሣሩን ጫፍ ደብቆ ማሳለፍ፣ አዲስ ሣር ሲገባ ከአሮጌው ጋር ማስተቃቀፍ፣ ይህ ሁሉ የተነገረው ለእሷ ነው። ዶሮዋ በሕይወቷ ያን ያህል ተከብራ አታውቅም። አንዳንዴ ውይይቱ መሐል ትታን ትወጣለች፤ ያን ጊዜ ሁለታችንም እስክትመለስ ዝም እንላለን። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ማናችንም አልሳቅንም።

አማቴ እኔ የምሰፋው ሰፌድ ይሁን ሌማት አያውቁም ነበር። አንድ ቀን እጃቸው በመጋረጃው ሥር ወጣ። እስቲ ያሳየኝ በይው አሉ፤ ለዶሮዋ ነው። ክዳኑን እጃቸው ላይ አኖርኩት። መጋረጃው በከፊል ተገልጦ ስለነበር የሚያደርጉትን አያለሁ። ከመካከሉ ጀምረው በጣታቸው ዙር ዙሩን እየዳሰሱ ወደ ዳር መጡ። ጥቂት እንደሄዱ ትንፋሻቸው ተለወጠ፤ የማን እጅ እንደሆነ አውቀውታል። መዳሰሱን አላቋረጡም። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«እዚህ ላይ ነው የቆመችው» አሉ፤ ይህን ለማንም አልነበረም የተናገሩት።

ድምፅ ሳያወጡ አለቀሱ። እኔም መሬት መሬት እያየሁ ተቀመጥኩ። ቀብሩ ላይ ሴቶቹ ሙሾ ሲያወርዱ፣ ተዝካሩ ላይ ካህናቱ ሲያዜሙ ያልመጣልኝ እንባ ያን ዕለት መጣ። ከዚያ አማቴ እጃቸውን ዘረጉና ወስፌውን ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ወስፌውን ከዚያች ነጥብ ሥር አስገብተው እኔ የሰፋሁትን በሙሉ፣ አንድ ሳያስቀሩ፣ ተረተሩት።

እልህ ያዘኝ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ከፍ ባለ ድምፅ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና መሪውን ጨብጬ ተቀመጥኩ። የተናደድኩት ሥራዬ ስለጠፋ አይደለም፤ ሥራው ጎርባጣ መሆኑን እኔም አያለሁ። የተናደድኩት ከዚያ ክረምት ወዲህ ያገኘኋትን አንዲት ደስታ ነጠቁኝ ብዬ ነው። አማት ላይ መቆጣት ምን ማለት እንደሆነ ያገሬ ሰው ያውቀዋል። በማግሥቱ ፊታቸው መቅረብ ስላፈርኩ ቁርሳቸውን በጎረቤቴ ላክሁ።

ረፋድ ላይ ሳሎን ስገባ መጋረጃው ተጠቅልሎ ታስሯል። አማቴ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው አጎዛው ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ጣባ ውስጥ ሣር ተነክሮ ተቀምጧል፤ ከፊታቸው ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ተትቷል። ዶሮዋ ግቢ ነበረች።

«አንቱ እጅዎ ከባድ ነው» አሉኝ። «ብሎን ነው እንዴ የሚያጠብቁት?»

«ሹፌር ነኝ፣ እሜቴ።»

«እሱማ አውቃለሁ። ይቀመጡ፤ ከሷ ጋር ገጥሞ ይጀመር።»

ስፌት በአፍ ብቻ አይለመድም። እጅ በእጅ ላይ ተደርጎ ነው፤ እናት ለልጇ እንዲያ ነው የምታስተምር። አማቴ ይህን ለማድረግ ምን ያህል እንደጨነቃቸው አያለሁ። ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡት፤ ቀጥለው ደረቅ ትንሽ እጃቸውን እጄ ላይ አሳረፉ። የት ላይ ማጥበቅ፣ የት ላይ መልቀቅ እንዳለብኝ በጣታቸው ገፋ፣ ሳብ እያደረጉ አሳዩኝ። ሁለታችንንም ላብ አጠመቀን። ከዚያች ቀን በኋላ መጋረጃው አልወረደም።

ቀለሙን እኔ ነበርኩ የማይላቸው። ከቀዩ ቀጥሎ ምን አድርጋለች ይሉኛል።

«አረንጓዴ።»

«ስንት ረድፍ?»

«አንድ ብቻ። ከዚያ እንደገና ቀይ።»

«አዬ፣ ይኸማ የሷ ነው። ልጅ ሆና ጀምሮ ያልሆነ ቦታ አንዲት አረንጓዴ ካልሰነቀረች አይሆንላትም። ስገስጻት፣ እማ አረንጓዴዋ ብቻዋን ስትሆን ታምራለች ትለኝ ነበር።»

እውነት ነው፤ ታምር ነበር። የሰፋችውን መሶብና ሰፌድ ሁሉ በየዓመቱ ቤቴ ውስጥ እያየሁ ስኖር አረንጓዴዋን አንድም ቀን ልብ ብያት አላውቅም። አሁን ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማስበው ስለ እሷ ሆነ፤ ዛሬ የቱ ጋ እንደምትገባ፣ ሁለት ብናደርጋት ይበዛ እንደሆነ። ወደ ገበያ ስወርድ የሴቶቹን ሰፌድ እየገለበጥኩ ጀርባውን አይ ጀመር። ለቅሶ ደራሾቹ ሲመጡ ክዳኑን በጋቢ ሸፍነን ሁለታችንም ያዘነ ፊት እንይዛለን፤ ሐዘኑ እውነት ነው፤ ግን ቶሎ ተነሥተው እንዲሄዱልንም እንፈልጋለን። ይህን ማናችንም በአፋችን ተናግረነው አናውቅም።

አማቴ ግን አሁንም አይበሉም ነበር። አብረን መሥራታችን ሌላ፣ አብሮ መብላት ሌላ። ሳህኑ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገቡና ከዚያው እንዳለ ይመልሱታል። እጃቸው እጄ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ ከቀን ወደ ቀን ሲቀንስ ይታወቀኛል። አንድ ጠዋት ወስፌውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። ዛሬ አንቱ ብቻ ይስፉ አሉኝና ግድግዳውን ተደገፉ። በጣም ፈራሁ። ክዳኑ ሲያልቅ እሳቸውም ሊያልቁ ነው የሚል ሐሳብ ገባብኝና ሥራውን ሆን ብዬ ማንቀራፈፍ ጀመርኩ።

ጥቅምት መግቢያ ላይ ይመስለኛል፣ ጎረቤቴ ከገበያ ስትመለስ የባቄላ እሸት እስከነዛላው ተሸክማ መጣችና ከመካከላችን አጎዛው ላይ ዘረገፈችው። ከደምበጫ በኩል የመጣ ነው፣ ፈልፍሉ ብላን ወጣች። እኛ ጠርዙን ስለማዞር እየተጨቃጨቅን ነበር። አማቴ በቀስታ ይታጠፍ ይላሉ፤ እኔ አሁን ካልታጠፈ ከመሶቡ ይሰፋል እላለሁ። እየተከራከርን እጃችን ያለ ሥራ አልቀመጥ አለና መፈልፈል ጀመርን። እየፈለፈልኩ አንዷን አፌ ከተትኩ፤ እሸት እየፈለፈለ የማይበላ ማነው? ክርክሩን ቀጠልኩ። ድንገት መልስ አልመጣልኝ ሲል ቀና አልኩ።

አማቴ እያኘኩ ነበር። አፋቸው ውስጥ ባቄላ አለ፣ እጃቸው ላይም ሌላ አለ፤ እኔ እያየኋቸው መሆኑን አወቁ፤ አገጫቸው ከነጠላው ሥር ቆመ። ከአማቻቸው ፊት፣ ከአማቻቸው ጋር፣ ከአንድ ክምር።

ሹፌርነት ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ጭቃ ላይ ፍሬን እንደማይያዝ ነው። ዓይኔን ወደ እሸቱ መለስኩ። ምንም እንዳልተፈጠረ አንዱን ዛላ አንሥቼ ፈለፈልኩ፣ በላሁ፣ ስለ ጠርዙም የጀመርኩትን ቀጠልኩ፤ ምን እንደምል እኔም አላውቅ። ጥቂት ቆይቶ የፍሬው ልጣጭ ሲቀደድ ሰማሁ። ቀጥሎ ሌላ። ቀና ሳልል፣ ወሬዬን ሳላቋርጥ ክምሩ እስኪያልቅ ፈለፈልን።

«ጣፋጭ ነው» አሉ በመጨረሻ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሽሮህ እኮ አይበስልም። ቶሎ ታወርደዋለህ። ለዚህ ነው የማይበላው።»

አንቱ ማለቱን የተዉትም ያን ዕለት ነው። እኔ ግን ያልበሰለ ሽሮ ሳበላቸው በመክረሜ ተሰድቤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወደ ግቢ ወጥቼ ከመኪናው ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ፤ ከዚያ ገብቼ ሽሮ ጣድኩና እስኪንተከተክ ጠበቅሁት። እያጉረመረሙ በሉ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እያጉረመረሙ ይበሉ ነበር።

ክዳኑ ኅዳር ላይ አለቀ። የመሶቡን አካል ሚስቴ ቀደም ብላ ጨርሳ በነጭ ጨርቅ ሸፍና ቁም ሣጥኑ አጠገብ አስቀምጣው ነበር። አወጣሁት፣ አራገፍኩት፣ ከአማቴ ፊት አቆምኩት። ክዳኑን በሁለት እጄ ይዤ ከላይ አስቀመጥኩት።

ጎንበስ ብዬ ጠርዙን አየሁ።

«ምነው ዝም አልህ?» አሉኝ።

«ገባ።»

«ምኑ ገባ?»

«ክዳኑ። መሶቡ ውስጥ ገባ።»

እጃቸውን ዘርግተው ዳሰሱት። እውነት ነው፤ ክዳኑ ከመሶቡ አንሶ ወደ ውስጥ ወርዶ ቁጭ ብሏል። መሶቡን ሳናወጣ በሚስቴ እጅ ልክ ዙሩን ቆጠርን እንጂ የእኔን እጅ አላሰብንም። እሷ ለቀቅ አድርጋ ነው የምትሰፋው፤ እኔ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት አጥብቄ ኖሮ ዙሩ ቢሞላም ስፋቱ አልሞላም። ጥቂት ዙር ብንጨምርበትስ አልኳቸው። ጠርዙ ከተዘጋ ወዲያ አይሆንም አሉኝ፤ ሣሩም አልቋል። የሟች ልጃቸውን ሥራ አበላሸሁ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ሳቅ ሰማሁ። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር። አማቴ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ ቆም ይሉና በእጃቸው መሶቡ ውስጥ የወደቀውን ክዳን ዳስሰው እንደገና ይስቃሉ። ነጠላቸው ወደ ትከሻቸው ወረደ። እሳቸውም አልሳቡት፣ እኔም ዓይኔን ከእሳቸው ላይ አላነሣሁም። በዚያ ሁሉ ዘመን ፊታቸውን ሙሉ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሲስቁ የታችኛው ከንፈራቸው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ሚስቴ እንደዚያ ነበር የምትስቀው። ከማን እንዳመጣችው አላውቅም ነበር። እኔም እሳቸውን እያየሁ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ያለቅስ ነበር፤ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም።

በዚያው ሰሞን መንገዱ ተከፈተ። ከመናኸሪያው ተደወለልኝ። ዶሮዋን ከወንበሯ አስለቅቄ መኪናዋን አጠብኩ፣ ጎማ አስነፋሁ፣ ከዚያ ገብቼ ቆምኩ። መናገሩ ከበደኝ።

«እሜቴ፣ መንገዱ ተከፍቷል። ነገ ቡሬ አደርስዎታለሁ።»

አማቴ አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው ባዶ ጣታቸውን ያፍተለትላሉ።

«መንገድማ ሥራው መከፈትና መዘጋት ነው» አሉ። «ይኸ ክዳን ግን መሶብ የለውም።»

«ሣሩ አልቋል እኮ፣ እሜቴ።»

«የዘንድሮው ስንደዶ አልፏል። ለከርሞ መስከረም ከእኛ መስክ እናስነቅላለን፤ የኛ አገር ስንደዶ ረጅም ነው። ነክሮ፣ አድርቆ፣ እንዲያው ለገና ቢደርስልን ነው። እስከዚያ ጥቂት አክርማ ፈልግና ሰፌድ አስተምርሃለሁ፤ እጅህ እስኪላላ።»

ከርሞ መስከረም። ጠዋት ጠዋት ሞትን ሲለምኑ የሰማኋቸው ሴት የሚቀጥለውን ዓመት ሣር እያሰሉ ነበር። ወጥቼ የመኪናዋን መስታወት እንደገና ወለወልኩ።

በማግሥቱ ብቻዬን ለሥራ ወጣሁ። ቡሬ ደርሼ ተመለስኩ፣ ደገምኩ። ሰው ከብዙ ጊዜ በኋላ መንገድ ሲያገኝ እንዴት እንደሚጋፋ ይታወቃል፤ ውሃ እንኳ የቀመስኩት በስንት መከራ ነው። ማምሻውን ስገባ ቤቱ የሽሮ ሽታ ይሸታል። አማቴ ድስቱን ፈልገው አግኝተው፣ ሳያዩ በእጃቸው መጥነው ሠርተው፣ እኔን ሳይጠብቁ ራታቸውን በልተዋል። ባዶ ሳህናቸው አጎዛው ጥግ ተቀምጧል። የእኔ ድርሻ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ሰፍተን ለመሶብ ያልሆነልን ክዳን ከላዩ ተደፍቶበታል።

ክዳኑን አንሥቼ ቁጭ አልኩ። ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር። ሳህኑን ጠርጌ በላሁት።

«በቃህ? ወይስ ልጨምርልህ?» አሉኝ።

«ይጨምሩልኝ፣ እሜቴ» አልኳቸው።